ሽንት ውስጥ ካልሲየም በዛ ሲባል ወተት ከመተው በፊት

በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ለሴት ከ250፣ ለወንድ ከ300 ሚሊግራም ሲያልፍ በዛ ይባላል። በክብደት ሲሰላ በኪሎ ከ4 ሚሊግራም በላይ ማለት ነው።

ቁጥሩን ከማመን በፊት ግን ሽንቱ እንዴት እንደተጠራቀመ ይጣራ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፣ ሰዓቱ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ሌሊት ተነሥተው የሸኑትና በማግስቱ 1 ሰዓት የሚወጣውም ጭምር፣ ዕቃው ውስጥ ይገባል። አንዱ ከቀረ ካልሲየሙ አንሶ ይታያል፤ የመጀመሪያው ካልተደፋ ደግሞ በዝቶ። ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣና በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) አብሮ የሚለካው ለዚህ ነው፦ ለወንድ በኪሎ ከ20 እስከ 25፣ ለሴት ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ገደማ ይጠበቃል። ዕቃው ውስጥ አሲድ ካለ ሌላ ዕቃ ላይ ሸንቶ መገልበጥ ነው፤ ቀጥታ አይሸናበትም።

ቀጥሎ በሽንቱ ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ማለትም ከጨው የሚመጣውን ማዕድን፣ እዩ። ኩላሊት ሶዲየም ሲያስወጣ ካልሲየምም ይከተለዋል፤ ወደ 6 ግራም የሚጠጋ ጨው የሽንቱን ካልሲየም በ40 ሚሊግራም ገደማ ከፍ ያደርገዋል። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ሥጋ ማብዛትም እንዲሁ ካልሲየሙን ይጨምረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወተትና እርጎ ላይ ነው። ካልሲየም ከምግብ ሲቀር አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን (ከአትክልት የሚገኝ፣ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር የሚሆን ንጥረ ነገር) የሚይዘው ነገር ይጠፋል፤ ኦክሳሌቱ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሽንት ይገባል፣ የኩላሊት ጠጠርም ይሠራል። አጥንትም ይሳሳል። በጣሊያን ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ጠጠር የሚመላለስባቸውንና የሽንት ካልሲየማቸው የበዛ 120 ወንዶች 5 ዓመት ተከታትሏል፦ ካልሲየም ከቀነሱት 60 ሰዎች 23ቱ፣ ካልሲየሙን እንደ ወትሮው በልተው ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60 ደግሞ 12ቱ ጠጠር ተመለሰባቸው። በጾም ወተት ሲቀር ጤፍና ጎመን ይረዳሉ። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የሞላበት ነው፤ ጎመንን አይተካም። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየትም ሽንቱን ያወፍረዋል፤ ግቡ በቀን 2.5 ሊትር ሽንት ስለሆነ ከጾም ፍቺ እስከ መኝታ ውኃው ይካካስ።

የደም ካልሲየም ሳይለካ ግን ምንም አይወሰን። እሱም ከፍ ካለ የፓራታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች የሚመነጭ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠር) ይታያል፤ በራስ ፈቃድ የሚዋጥ ቫይታሚን ዲ ካለም ለሐኪሙ ይነገር። ደሙ ደህና ሆኖ ጨው ተቀንሶም የሽንቱ ካልሲየም ካልወረደ፣ ሐኪም ታያዛይድ የሚባለውን፣ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ጨው እየበሉ ከወሰዱት ሥራው ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይወርዳል፤ ስለዚህ ከተጀመረ በኋላ ደሙም የ24 ሰዓት ሽንቱም እንደገና ይለካል።