አራቱ መስመሮች

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ትናንት ማታ ደግሞ መብራት ጠፋ፣ ዝናቡም አላባራ አለ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ሲል ሻማ ለኩሼ የድሮውን ካርቶን መጎርጎር ጀመርኩ።

የዘጠነኛ ክፍል ደብተሬ ወጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ሸሓሥ» ይላል። ልቤ ዘለለ! ከአንዲት ልጅ ጋር ክፍል ውስጥ የምንጻጻፍበት ኮድ ነው። ፊደሉን ሁሉ በገበታው ላይ በሚከተለው መተካት ነበር፤ ሰ ሸ ይሆናል፣ ላ ሓ፣ ም ደግሞ ሥ። ሰላም ማለት ነው።

ከሥሩ በእሷ እጅ ጽሑፍ አራት መስመር አለ። እሱ ግን በዚያ ቁልፍ አልከፈት አለ።

ያኔ ሐሳቤ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ጋ ሄደ። እንደምታውቁኝ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ነው የማርፈው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግድያ ታሪኮቹ፣ በመርማሪው በዱፒን ነው። እኔ የምወደው ግን ፊደል የሚያሳድደውን ፖ ነው። እ.ኤ.አ በ1839 መጨረሻ በአንድ የፊላደልፊያ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አንባቢዎቹን የምስጢር ጽሑፍ ላኩልኝ፣ እፈታዋለሁ አላቸው። ላኩለት። እሱም እየፈታ መልሱን ያወጣ ጀመር። በ1843 ደግሞ «ወርቃማው ጥንዚዛ» የሚለው ታሪኩ 100 ዶላር ተሸለመ። እዚያ ውስጥ ሰውየው ብራና ላይ የተጻፈ የቁጥርና የነጥብ ዝብርቅርቅ ያገኛል። ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ከሁሉ የበዛው 8 ነው፣ 33 ጊዜ። እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ የሚበዛው ፊደል ኢ (e) ነው። እንግዲህ 8 ኢ ይሁን ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ ሌላው አንድ በአንድ ይከተላል። ነፍሰ ገዳይም የሚያዝ እንዲሁ ነው፣ ማንም ልብ ያላለውን ትንሽ ነገር በመቁጠር።

እኔም ቆጠርኩ። የእኛ ፊደል ግን ከ200 በላይ ነው፣ አራት መስመር የት ይደርሳል! ከሁለት ጊዜ በላይ የተደጋገሙት ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው።

ፖም ሳይፈታ ያለፈው አለ። በታኅሣሥ 1841 በሚሠራበት መጽሔት ላይ ታይለር በሚባል ሰው ስም የመጡ ሁለት ጽሑፎች አተመ፣ መልሳቸውን ግን አላወጣም። ጊዜ የለኝም አለ። በወሩ ሚስቱ ቨርጂኒያ እየዘፈነች ሳለ ከአፏ ደም መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነበር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ገደላት። እኔ ይህን ካወቅኩ ጀምሮ እነዚያን ሁለት ጽሑፎች ከእሷ ለይቼ ማሰብ አልቻልኩም። ደም የምትተፋ ሚስት አጠገቡ ተኝታ የማን ፊደል ይቆጥራል?

የመጀመሪያው የተፈታው እ.ኤ.አ በ1992 ነው። ሁለተኛው በ2000፣ ቶሮንቶ በሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ። ታይለር ራሱ ፖ ነው የሚሉ ስለነበሩ ከሞተ ከ150 ዓመት በኋላ የሚናገር መስሏቸው የጠበቁ ብዙ ናቸው። አንደኛው ስለ ነፍስ አለመሞት ከሚናገር የጆሴፍ አዲሰን ተውኔት የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ስለ ጸደይ ነው። ስለ ሞቃት ከሰዓት፣ ስለ አበባ ሽታ፣ ክፍት መስኮት አጠገብ ስለተቀመጡ ፍቅረኛሞች።

ሻማው አለቀ። ዝናቡ መቼ እንዳባራ እንኳ አልሰማሁም። ስልኳ አለኝ፣ እዚያ አሁን ቀን ነው። ደውዬ ቁልፉ ምን ነበር ብላት ትነግረኝ ይሆናል። ከየትም የገለበጠችው ግጥም ቢሆን ግድ የለኝም። ግን ያኔውኑ፣ በዘጠነኛ ክፍል፣ ማንበብ የነበረብኝ ነገር ቢሆንስ?