ደመ ከልብ

«ለውሻ ነው የመጣሽው?» አለኝ ፖሊሱ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው ሳቁ እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

አልፈረድኩባቸውም። ከኋላዬ ስልኩን የተሰረቀ ልጅና ባሏ የደበደባት ሴት ተራ ይጠብቁ ነበር። እኔ የያዝኩት ደግሞ የተላጠ የውሻ ጀርባ ፎቶ ነው። ቋንቋችን ራሱ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። ጠያቂ የሌለውን ደም «ደመ ከልብ» እንላለን። ከልብ በግዕዝ ውሻ ነው።

ቡቺ ይባላል። ስም ማውጣት ላይ ሰነፍ ነኝ። ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ተራ የሐበሻ ውሻ። ጉርድ ሾላ አካባቢ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ነው ያሳደግኩት። በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውሃ መጣ ተብሎ ጀሪካን ስደረድር የግቢውን በር ሳልዘጋ ቀረሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በኋላም ዋጋ አስከፍሎኛል። ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ቡቺ ከጎረቤት በር ወደ እኔ እየሮጠ ነበር። ጀርባው ይጨሳል። ጎረቤቴ ባዶ ድስት ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። የፈላ ውሃ ነው የደፉበት።

በመጀመሪያው ሰዓት ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነበር። አከራዬ እትዬ የጥርስ ሳሙና ይዘው መጡ። ሌላዋ ጎረቤት ቅቤ አመጣች። እኔም እያለቀስኩ የሰጡኝን ሁሉ ቀባሁት። ሐኪሙ በኋላ ያንን እያጠበ ሲያነሳ ቡቺ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። መደረግ የነበረበት በጣም ቀላል ነበር፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ ያልሆነ፣ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቀስ እያደረጉ ማፍሰስ። ውሃ የሞላ ጀሪካን እኮ ፊቴ ተደርድሮ ነበር።

ፓራሲታሞል ልሰጠውም ነበር። ደግነቱ በስልክ ያገኘሁት ሐኪም «እንዳታደርጊው!» ብሎ ጮኸብኝ። ለድመት ገዳይ ነው፤ የውሻንም ጉበት ሊጎዳ ይችላል። አፉን በነጠላ ቅዳጅ ላላ አድርጌ እንዳስርም የነገረኝ እሱ ነው። የዋህ ውሻም ሲያመው ይነክሳል። በስልክ የጠራኋቸው ሁለት ታክሲዎች ውሻ መሆኑን ሲያዩ ጥለውኝ ሄዱ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን ማዳበሪያ አንጥፎ «ግቢ፣ እህቴ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጅ ሲሰደብ ዝም አልልም።

ሐኪሙ ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ ወጣት ነው። ቡቺን ካየ በኋላ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። «ዛሬ የምታይው ጉዳቱን አይደለም። ጸጉር ይሸፍነዋል። እውነተኛው መጠን ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው።» እንዳለውም ሆነ። በአምስተኛው ቀን ከትከሻው እስከ ወገቡ ቆዳው ከነጸጉሩ ተነሳ።

ፖሊስ ጣቢያ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ነው። መጀመሪያ የሄድኩት ስለ ጭካኔ ላወራ ነበር። ነፍስ አለው፣ ያመዋል፣ ምን አጠፋ አልኳቸው። እነሱ ያዝናሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ «ከጎረቤትሽ ጋር ተነጋገሪ» ይሉኛል። ሁለተኛ ቀንም ተመልሼ ያንኑ ሰማሁ።

መንገዱን ያሳየችኝ ሕግ የተማረች የአክስቴ ልጅ ናት። «ስለ ውሻ አታውሪ። ስለ ንብረት አውሪ» አለችኝ። ተናደድኩ። ቡቺ ንብረት ነው እንዴ? ወንበር ነው? «በሕግ ፊት ወንበር ነው። የተሰበረ ወንበር ደግሞ ባለቤት አለው» አለችኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 689 የሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ያደረሰ ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የሚያስከስሰው ግን ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አቤቱታው ደግሞ ጉዳቱን ወይም አድራሹን ካወቁ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ዝም ካልኩ ጉዳዩ የለም ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ገብቼ «ንብረቴ ላይ ሆን ተብሎ ጉዳት ደርሷል፤ አቤቱታ ላስመዘግብ ነው» አልኩ። ያው ፖሊስ እስክሪብቶውን አነሳ። ቃሌን ሰጠሁ። የጎዳኝ ቃል በሩን ከፈተልኝ። አሁንም ደስ አይለኝም፤ ግን ሠራ።

ከዚያ የወረቀት ጣጣ መጣ። ውሻው የእኔ ለመሆኑ ማስረጃ ተጠየቅኩ። ፎቶ አበዛሁ፤ ፎቶ ማንም ያነሳል። ያዳነኝ የክትባት ደብተሩ ነው። በየዓመቱ የእብድ ውሻ ክትባት ሲወስድ የእኔ ስም ተጽፎበታል። ጎረቤቴ ቃላቸውን ሲሰጡ «እብድ ውሻ መስሎኝ ራሴን ስከላከል ነው» ማለታቸውን ስሰማ ደግሞ ደብተሩን ስሜው ነበር። የመጨረሻው ክትባት ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም።

ደረሰኝ ላይ ግን ተበላሁ። የመጀመሪያውን ቀን መርፌና የባጃጁን ወጪ ያለ ደረሰኝ ከፍያለሁ፤ 2,600 ብር ገደማ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ለመርማሪ ወረቀት አይደለም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙን በየቀጠሮው አስጨነቅኩት። የጉዳቱን ዓይነት፣ የቆዳውን ስፋት፣ በፈላ ነገር የደረሰ መሆኑን ጽፎ ማኅተም አደረገበት። እኔም በየቀኑ ጠዋት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ አነሳሁ።

የሚያዋጣ ምስክር አንድ ነበረኝ፤ ቆርቆሮ ላይ ሆኖ ርግብ ሲያበርር ሁሉንም ያየ የ13 ዓመት ልጅ። እናቱ እጄን ይዛ «እኛ እዚሁ ነው የምንኖረው፣ የኔ እህት» አለችኝ። ምን ልበላት?

መጥሪያ በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ሽማግሌ ላኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ጋር መጡ። ላለመቀበል ወስኜ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ሒሳቡን አስቀመጠችልኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። ስለዚህ የሕክምናውን ወጪ መጠየቅ እችላለሁ። ለሐዘኔ ግን የለም። የሞራል ካሳ ሕጉ በግልጽ በፈቀደበት ብቻ ነው የሚከፈለው፤ በተፈቀደበትም ጣሪያው 1,000 ብር ነው። በ1952 የተጻፈ ሕግ ነው፤ ያኔ በሺህ ብር ምን ይገዛ እንደነበር አያቴ ትንገራችሁ። ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነበር። ሰውዬው ታስረው ቢወጡ ቡቺ አንድ ሌሊት መርዝ ያለበት ሥጋ እንደማይወረወርለት ማን ዋስ ይሆነኛል?

እትዬ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ጎረቤቴ ቀና ብለው አላዩኝም። «ልጄ፣ ለፋሲካ የያዝኳትን ዶሮ ባለፈው ገድሎብኛል። ደሜ ፈላ» አሉ። ዶሮዋን አላውቅም ነበር። ሽማግሌዎቹ አጣሩ፤ እውነት ሆነ። ለካ በሬ የተከፈተው ያን ቅዳሜ ብቻ አልነበረም። ለዶሮዋ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንድ ዶሮ ግን የፈላ ድስት አይሆንም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እሳቸውም ተነስተው ይቅርታ አሉ። አንጀቴ ራሰ ብዬ አልዋሽም።

በደረሰኝ የተረጋገጠው ወጪ 13,400 ብር ነበር። የዶሮዋ 1,400 ተቀነሰ። 12,000 ብር በሦስት ጊዜ ሊከፍሉ፣ ውሻውን ዳግመኛ ላይነኩ፣ እኔ ደግሞ በሬን ልዘጋና ቀን ቀን ላስረው ተስማማን። «በቃል ይበቃል» ሲሉኝ አሻፈረኝ አልኩ። ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ አንዱ ቅጂ ጣቢያው መዝገብ ውስጥ ገባ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ወረቀት መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል። ነውሩን ተቀብዬዋለሁ።

ቡቺን ማዳኑ ከክሱ ይበልጥ ረጅም ነበር። ቁስሉን ዝንብ እንዳያርፍበት ቤት ማስገባት ነበረብኝ። እትዬ «ውሻ ቤት አይገባም» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ በሦስተኛው ቀን አሮጌ ጋቢ ሰጡኝ። እንዳይልሰው አንገቱ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ አጣሁ። የባልዲ ቂጥ ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ አጠለቅኩለት። ቆዳ ለመተካት ጥሩ ምግብ ይፈልጋል፤ ጾም ስለሆነ የሰፈራችን ልኳንዳ ዝግ ነው። በየሁለት ቀኑ የሙስሊም ሥጋ ቤት ድረስ ሄጄ ቅንጥብጣቢ አመጣለሁ። በተረፈው እንቁላል ቀቀልኩለት። እኔ ሽሮ፣ እሱ እንቁላል።

ፋሻው ከተፈታ በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ጀበና ሲንተከተክ ሰምቶ አልጋ ሥር ገባ፤ ሽንቱንም ለቀቀ። ጎትቼ ላወጣው ነበር፤ ሐኪሙ ከለከለኝ። በምትኩ ምድጃውን ግቢው ጥግ አድርጌ፣ እሱን ሌላው ጥግ አስቀምጬ፣ ውሃው መፍላት ሲጀምር እንቁላል እሰጠዋለሁ። ውሃው ሲወርድ እንቁላሉም ይቆማል። በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ያህል ቀረብን። ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ዛሬ ቡና ሲፈላ በር ላይ ተኝቶ ያያል። ከዚያ አልፎ አይገባም፤ እኔም አልጠራውም። ጀርባው ላይ እንደ መዳፍ የሚሰፋ ጸጉር የማያበቅል ቦታ ቀርቷል።

የመጨረሻው ክፍያ ሰኔ ላይ በቴሌብር ገባ። የክፍያ ምክንያት በሚለው ላይ ጎረቤቴ «ለቡቺ» ብለው ጽፈዋል። ሁለት መቶ ብር ይጎድለዋል። አልጠየቅኳቸውም።