ለጎንደር የሚሆን ትንሽ ካሜራ፦ ከመረጣ እስከ መጀመሪያዎቹ ፎቶዎች

ሰላም የፎቶ ወዳጆች። ኮምፓክት ካሜራ ልግዛ እያለ የሚያማክረኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ እንዳለ ላካፍላችሁ። የኔ ፍላጎት አንድ ነበር፦ እዚህ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ ሥዕል በደንብ ማንሳት። እዚያ ፍላሽ ክልክል ነው። ቤቱም ደብዘዝ ያለ ነው። ምርጫዬን ሁሉ የወሰነው ይሄ ነው።

ስልክ አይበቃም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ለፋሲል ግቢ በጠራራ ፀሐይ በደንብ ይበቃል። ጨለም ያለ ቦታ ስገባ ግን የኔ ስልክ ሥዕሉን ያለሰልሰዋል፤ የብሩሹ መስመር ይጠፋል። ሩቅ ያለ ነገር ሳቀርብማ ጭራሽ አይሆንም።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ሜጋፒክስልና ዙም ነው። «20 ሜጋ ነው፣ 25 ዙም አለው» ይሏችኋል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ስፋት ነው ባይ ነኝ። ዋጋቸው ቀለል ያለ ኮምፓክቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሴንሰር በግምት 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ነው። ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጨለማ ውስጥ የሚያወጡት ፎቶ ግን አይገናኝም።

ቀጥሎ ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ነው። በኤፍ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 3.3 ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ሌንሱ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ካያችሁ፣ ሁለተኛው ዙሙ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ያለው ነው። እሱንም አትለፉት።

በዚህ ሂሳብ ሦስት ካሜራ ቀረልኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ 100 ያምራል፣ ኪስም ይገባል። ግን ሌንሱ ከኤፍ 1.8 ተነስቶ ዙሙ ሲወጣ ኤፍ 4.9 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዚሁ ሶኒ ማርክ 3 ዙሙ ሲወጣም ኤፍ 2.8 ላይ ይቆማል፤ በተጨማሪ ብቅ የሚል የዓይን መመልከቻ አለው። የጎንደር የቀትር ፀሐይ ስክሪን ስለማያሳይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ካኖን ጂ 7 ኤክስ ማርክ 2 ነው። ዓይን መመልከቻ የለውም። ነገር ግን ከ24 ሚሊሜትር (ሰፊው እይታ) እስከ 100 ሚሊሜትር (ዙሙ ሲወጣ) ድረስ ኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ነው። ስክሪኑም ወደ ላይም ወደ ታችም ይታጠፋል። ጥምቀት ላይ ካሜራውን ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ አድርጌ ከሥር እያየሁ ላነሳ ነው። በዚህ ካኖኑን መረጥኩ።

ማግኘቱ ሌላ ሥራ ነው። ጎንደር ፒያሳ ያሉት ሱቆች በአብዛኛው ስልክ ነው የሚሸጡት። በሰው በሰው ጠይቄ ሠርግ የሚያነሱ አንድ ጋሼ ያገለገለ እንዳላቸው ሰማሁ። ማኪያቶ ቤት ተቀጣጠርን። ጠረጴዛው ላይ ደጋግሜ አበራሁት፣ አጠፋሁት። ሌንሱ ሲወጣ የሚንገጫገጭ ድምፅ ካለው ተዉት። ከዚያ «ጋሼ፣ ሰማዩን ላንሳበት?» አልኳቸው። «አንሳ ልጄ፣ እንደ ልብህ ፈትሸው» አሉኝ። በረንዳ ወጥቼ ቀዳዳውን ኤፍ 11 ላይ አድርጌ ጥርት ያለውን ሰማይ አነሳሁ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል ማለት ነው። ሌንሱ የማይነቀል ስለሆነ ለማጽዳት ካሜራው መፈታት አለበት። አቧራ በበዛበት አገር ይሄን ሳታዩ ብር አታውጡ። የኔው ንጹሕ ነበር። ባትሪውንም አውጥታችሁ እዩ፤ ያበጠ ከሆነ ሌላ ያስፈልጋችኋል።

ሜሞሪ ላይ ፎርጅድ ሞልቷል። 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጠው ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ ፎቶዎቻችሁን ያበላሻል። እኔ ገና ሳልጠቀምበት ከኮምፒዩተር ፋይል ገልብጬ እስከ አፉ ሞላሁትና መልሼ ከፈትኩት። ሁሉም ከተከፈተ ደህና ነው።

አሁን ወደ ሥላሴ። አስፈቅጄ ገባሁ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩና ክርኔን ከጎኔ ጋር አጣበቅሁ። 24 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ የመዝጊያው ፍጥነት የሰከንድ 1/30፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600። በሳንቃው ላይ በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው ጥርት ብሎ ወጣ። የቅንድቡ ጥቁር መስመር የት ወፈር፣ የት ቀጠን እንዳለ ሁሉ ይታያል! ያን ስክሪን ላይ አጉልቼ ሳይ ልቤ ነው የዘለለው። የፎቶው ጥጋጥግ ግን ለስለስ ይላል። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 አጥብቤ፣ አይኤስኦውን 3200 ሳደርገው ጥጉ ተስተካከለ፤ ትንሽ ሽርክት ያለ ነገር ጨመረ። ለሥዕል ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ማንሳትም ጠቅሞኛል፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን ያመጣውን የቀለም መዛባት በኋላ አስተካክዬዋለሁ።

ውጭ ላይ ገና እየተማርኩ ነው። ቀትር ላይ የግንቡ ድንጋይ ትክክል ሲሆን ሰማዩ ነጭ ይሆንብኛል። ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ቀንሼ ጥላውን በኋላ አወጣለሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ምንም መጨነቅ የለም።

ለጥምቀት ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ካሜራው ውኃ አይችልም፤ ጥር 11 ወጣቱ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሲዘል የሚረጨው ደግሞ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ የሚሸፍነው ፕላስቲክ እያዘጋጀሁ ነው። ሌላው ባትሪ ነው። በአንድ ቻርጅ በፋብሪካው ልክ 265 ፎቶ ያህል ነው የሚያነሳው፤ ከከተራ እስከ ማግስቱ አይበቃም። ኦሪጅናል ኤንቢ 13 ኤል ባትሪ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ያየ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ።