«አይተባበርም» የተባሉት ነጋዴ

በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል፣ የ62 ዓመት የእህል ነጋዴ ፋይል ላይ 3 ቀን በተከታታይ የተጻፈው ያው አንድ ቃል ነበር፦ «አይተባበርም»። ስትሮኩ ያገኛቸው ቀኝ የአንጎላቸውን ክፍል ስለሆነ ግራ እጅና እግራቸው ዝሏል። ፊዚዮቴራፒስቱ «ግራ እግርዎን ያንሱ» ሲላቸው «ምን ሆኜ? እግሬ ደህና ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ልጃቸውም «አባዬ ድሮም እልኸኛ ነው» አለች፤ በዚሁ ታለፈ።

ነገሩን ያጋለጠው ምሳ ነው። ከትሪው ላይ ቀኝ ግማሹን ጠራርገው በሉና «ጨምሪልኝ እንጂ» አሉ። ግራው በኩል እንጀራውም ወጡም እንዳለ ነው። ተረኛዋ ነርስ ምንም ሳትናገር ትሪውን ግማሽ ዙር አዞረችው፤ መብላታቸውን ቀጠሉ።

እልህ አልነበረም፤ አንጎላቸው ግራውን ጎን ዘንግቶታል። ዓይን ነው እንዳይባል፣ ግማሽ እይታው ብቻ የጠፋበት ሰው እንደጎደለው ሲገባው አንገቱን አዙሮ ይፈልጋል። ግራውን የዘነጋ ግን የሚፈለግ ነገር መኖሩም አይታሰበው። (ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡም ይችላሉ።) በዚያው ከሰዓት 40 አጫጭር መስመሮች የተበተኑበት ወረቀት ቀረበላቸውና ሁሉንም በእስክሪብቶ እንዲሰርዙ ተነገራቸው። በቀኝ ያሉትን ሰርዘው «ጨረስኩ» አሉ። ይህ ከ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቀው የአልበርት ፈተና ነው፤ ማንበብ ስለማይጠይቅ ላልተማረም ይሆናል። ሞካ የሚባለው ባለ 30 ነጥብ የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መመዘኛ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ቢጨምርም፣ እስክሪብቶ ጨብጦ የማያውቅን ሰው ያለ በሽታው ሊጥለው ይችላል። የአልበርቱ ወረቀት ግን በደረት ትይዩ በፕላስተር ይጣበቅ። ታካሚው ወደ ቀኝ ከሳበው ሁሉንም ሰርዞ ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

ቀጥሎ የተደረገው ስህተት ነበር። «ይልመዱት» ተብሎ ውሃውም የሽንት ፖፖውም በግራ ተደረገ። ሌሊቱን ተጠምተው፣ አንሶላው ርሶ አደሩ። የግድ የሚያስፈልግ ነገር በቀኝ ይቀመጣል፤ በግራ የሚሆነው ልምምዱ፣ የልጅቷ ወንበርና ወሬዋ ነው።

ክርክሩም ተተወ። «ሽባ ሆነዋል» ቢባሉ አያምኑም። ይልቅ ጠረጴዛው በግራ ጠርዙ ቀይ ፕላስተር ተለጠፈበት፣ ሬዲዮው ተዘጋ፣ 10 የብር ኖቶች ከጫፍ ጫፍ ተደረደሩ። መጀመሪያ ስንት እንደሚያገኙ ተጠየቁ፤ «ሁሉንም!» አሉ። ቆጠሩ፤ 6።

«10 ነው የደረደርኩት» አላቸው ፊዚዮቴራፒስቱ።

«ሌባ አለ እንዴ እዚህ ቤት?»

«ቀዩን ፕላስተር እስኪያገኙ ይፈልጉ።»

አንገታቸው ቀስ እያለ ዞረ። 4ቱን ሲያገኙ ሳቁ፤ «ድገመው» ያሉትም ራሳቸው ናቸው። እግር ማንሳት 5 ደቂቃ የሚያሰለቻቸው ሰው በብር ቆጠራ 15 ደቂቃ ቆዩ። ትእዛዝ የሚሰጣቸው አንድ አንድ ብቻ ነው፤ «ተነሱ፣ ያዙ፣ ዙሩ» በአንዴ ከተባሉ ሁሉንም አይዙትም።

ያው ቀይ ፕላስተር የዊልቸሩ ግራ ፍሬን ላይም ተጠቀለለ። ቀኙን ብቻ ቆልፈው ሲነሱ ወንበሩ ይዞርና ይጥላቸው ነበርና።

ፋይሉ አሁን እንዲህ ይላል፦ «ግራውን ይዘነጋል። ከመነሳቱ በፊት ግራ ፍሬን ይታይ። ውሃ በቀኝ።» ሲደክማቸው የግራ እጅጌያቸውን ሳያጠልቁ ጃኬታቸውን ለብሰው መውጣታቸው ግን አልቀረም።