ዚከር 001ን ይዤ ደንገጎን ወጣሁ

የምነዳው ኤሌክትሪኩን ቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። ቤተሰብ ስለሚበዛብኝ ሰባት ሰው የሚይዝ ፈልጌ ገዛሁት። እና ስለ ቻይናው ኤሌክትሪክ መኪና ስለ ዚከር የምለውን የተፎካካሪ መኪና ባለቤት ወሬ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ትንሽ ለራሴ ማዳላቴ አይቀርም።

ዚከሩ የልጅነት ጓደኛዬ መኪና ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አብረን አድገን እሱ አዲስ አበባ ገብቶ ይነግዳል። ለሠርግ ድሬ መጥቶ "አቦ፣ ያንተ አውቶቡስ ነው፤ መኪና ምን እንደሆነ ላሳይህ" አለና ቁልፉን ወረወረልኝ። አንድ ሙሉ ቀን ሰጠኝ።

ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ መመለስ ምንም አያሳይም። ሳቢያንና ከዚራ ሜዳ ነው፣ እዚያ የማይሄድ መኪና የለም። ስለዚህ ሁሌም በራሴ መኪና የምመላለስበትን መንገድ መረጥኩ፤ ከድሬ በደንገጎ ዳገት፣ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር። እናቴንና ባለቤቴን ከኋላ አስቀመጥኩ። ኤሲውን እኔ መኪና ላይ የምጠቀምበት ልክ ላይ አደረግኩት። ባትሪውንም እንደ ልማዴ 80 በመቶ ላይ አቆምኩት። መኪና ማወዳደር የምትፈልጉ ሰዎች፣ መንገዱንም ጭነቱንም አትቀያይሩ። አለበለዚያ የምታወዳድሩት መኪናውን ሳይሆን ቀኑን ይሆናል።

ቻርጅ ላይ አልተቸገርኩም። ሁለቱም ከቻይና የመጡ ስለሆኑ መሰኪያቸው አንድ ነው፣ ጂቢቲ የሚባለው። ቤት ያለችኝ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ነች። የዚከሩ ባትሪ ግን 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ30 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሰባት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ሌሊቱን መብራት ካልጠፋ ይበቃል። ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ ቆጣሪ ካለ፣ ትልቅ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ሒሳብ ሥሩ።

መጀመሪያ ያጋጠመን እጀታው ነው። በሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት ብቅ ይላል። እናቴ በሩን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ "እጀታው የት ገባ?" አለች። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ ዝቅ አለባት። የኔ መኪና ላይ እንደ ወንበር ቁጭ ትላለች፤ እዚህ ግን ወደ ታች ነው የምትገባው። ለጉልበት ሕመምተኛ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። መቀመጫው ራሱ ግን ወደር የለውም። የፊተኛው ከሥር አየር ይነፍሳል። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሸሚዝ ጀርባ ላይ አይጣበቅም።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ሁለት ሞተር ያለው ዚከር 400 ኪሎዋት ያወጣል፤ ከዜሮ መቶ ለመድረስ የሚፈጅበት 3.8 ሰከንድ ነው። የኔ ባለ አንድ ሞተር፣ 150 ኪሎዋት፣ ወደ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈልጋል። እውነት ለመናገር ይኼ ሁሉ ጉልበት የጠቀመኝ ደንገጎ ላይ ብቻ ነው። በሁለት ኩርባ መሃል አጭር ቀጥ ያለ ቦታ አለ፤ ከፊት የተጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል። በኔ መኪና ቢሆን እጠብቃለሁ። በዚከሩ ነካ ሳደርገው አለፍን። ባለቤቴ "ቀስ በል እንጂ!" ብላ መቀመጫዬን ያዘች። ሌላው ጉልበት ለወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሐረማያ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ሁለቱም መኪኖች ከ2 ቶን በላይ ይመዝናሉ። 2,300 ኪሎ ክብደት 800 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ጎማና ንፋስ የሚበሉት ገና አልተጨመረም። በዚከሩ ባትሪ ሲሰላ ሽቅቡ ብቻ 5 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር ድሬ ላይ ሆናችሁ አትመኑት። ቁጥሩ የሚወጣው ከቻይናው መለኪያ ነው። የደንገጎን ሽቅብ አያውቅም።

ስንመለስ ደግሞ የከፈልነው ይመለሳል፣ ሁሉም ባይሆንም። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይቀየራል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ዚከሩ እዚህ ላይ ከኔው ይበልጣል። እኔ ማርሹን ቢ ላይ (ሞተሩ ይበልጥ የሚይዝበት) አድርጌም ኩርባ ላይ ፍሬን እረግጣለሁ። በዚከሩ ግን ፍሬን ሳልነካ ብዙ ኩርባ ወረድኩ። ያንን ቁልቁለት በቤንዚን መኪና የወረደ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እዚህ ሽታ የለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐረር ወይም ሐረማያ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ኤሌክትሪክ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ለቁልቁለት ቦታ ትታችሁ ሙሉ።

አወዳይ ላይ የጫት መኪኖችና ጉብታዎቹ ተራ በተራ ፈተኑን። በአየር የሚሠራው ሰስፔንሽን ከፍ ሲል ሆዱ ሳይነካ አለፈ። የኔ መኪና እንዲህ ቢሆንልኝ ብዬ የቀናሁት በዚህ ነው፤ በሌላው አልቀናሁም።

ሐረር በር ገብቼ ፈረስ መጋላ ስደርስ ወርዱ አስጨነቀኝ። ሁለት ሜትር ስፋት፣ አምስት ሜትር ሊሆን ትንሽ የቀረው ርዝመት። አንድ የፔጆ 404 ታክሲ ሹፌር፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው፣ ከጎኔ ቆመው "ኮፈኑን ክፈተው እስቲ" አሉኝ። ከፈትኩት። የፕላስቲክ ክዳን ብቻ ነው የታየው። "ታዲያ ሲበላሽ ምኑን ትነካካለህ?" አሉ። "ጋሼ፣ እኔ አልነካካም፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ እፈልጋለሁ" አልኳቸው። የፔጇቸውን ጣራ መታ መታ አድርገው ሳቁ። የሳቸው መኪና ከተሠራ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም እንጀራቸው ናት። መልስ አጣሁ።

ማታ ጓደኛዬ "ታዲያ፣ እንቀያየር?" አለኝ። "ትርፍ ጎማው የታለ?" አልኩት። የኋላውን ከፈተ። ትንሽ መንፊያና ቀዳዳ መድፈኛ ጠርሙስ አለ፣ ሌላ ምንም። ጎማው ባለ 21 ኢንች ነው። ድሬ ውስጥ የማውቃቸው ጎሚስታዎች ጋ ደውዬ ጠየቅኩ፤ ያለው አላገኘሁም። የኔም ሲገዛ ትርፍ አልነበረውም፤ ባለ 19 ፈልጌ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። "ሁለት ጎማ አስመጥተህ አንዱን እዚህ ካስቀመጥክ እናወራለን" አልኩት። እስካሁን አላስመጣም።