ዛሬ ዕዳዬን ጨረስኩ!

ተመስገን! ዛሬ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሰፈራችን ሱቅ ሄጄ የመጨረሻዋን ዱቤ ዘጋሁ። ጋሼ ያን ጠርዙ ዘይት የጠጣ ደብተር አወጡና ስሜ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ሰረዙበት፣ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ዕዳ ከቤትህ ይራቅ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ነገሩ የመጣው እማ የታመመች ጊዜ ነው፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ብር ባንዴ ሲፈለግ ደሞዜ አልደረሰም፣ ከአንድ ሰው በወር 10 ፐርሰንት ተበደርኩ። በዛ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለና የዕቃው ዋጋ ሁሉ ሲሰቀል ደሞዜ ለወለዱ እንጂ ለዋናው አልተርፍ አለ።

ልጆች ይሄን እወቁ፣ የ1952ቱ ፍትሐብሔር ሕጋችን ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል፣ በወር 10 ማለት እኮ በዓመት 120 ነው!! አራጣ ደሞ ወንጀል ነው።

ያወጣኝ ዕቁብ ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ገባሁ፣ ለዳኛው ችግሬን ስነግራቸው አባላቱን አስማምተው፣ እኔም ዋስ ጠርቼ፣ ያለ ዕጣ አስቀደሙኝ፣ ብሩን እዛው ለአራጣው ሰውዬ አስረከብኩት (እግዜር ይስጣቸው፣ ባለውለታዎቼ ናቸው)። ከዛ የቀረው ወለድ የሌለው የጓደኛ ብርና ዱቤ ስለነበር፣ ከማራኪ ሰፈር ባጃጁን ትቼ በእግሬ እየሄድኩ ቀስ በቀስ ከፈልኩ፣ ዕቁቡም አለቀ።

አሁን አዲስ ዙር ገብቻለሁ፣ ሲደርሰኝ ብሩ ለእማ መድኃኒት ይቀመጣል።