ጅማ ላይ ግጥምን ከጃዝ ጋር ስናቀርብ የተማርነው

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው፤ ግጥምን በጃዝ ታጅቦ የመስማት ልማድ ግን የጎለበተው አዲስ አበባ፣ በተለይም በራስ ሆቴል ወር በወር ይቀርብ በነበረው መድረክ በመሆኑ የእኛ ከተማ ገጣሚያን ሲከታተሉት የኖሩት ከሩቅ ነበር። ከጥቂት ገጣሚያንና ከአራት ሙዚቀኞች ጋር አንድ ምሽት ለማዘጋጀት የተነሣሁት፣ ጅማም የራሷ መድረክ ይገባታል ብዬ ስለማምን ነው።

ባንዱ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድራም ነበረው። ሙዚቀኞቹ በሠርግና በሆቴል ሥራ የበሰሉ ናቸው፤ የከበዳቸው ከዘፋኝ ጋር መሥራት የለመደ እጅ ከአንባቢ ጋር ሲሆን የሚፈለግበት ቁጥብነት ነው። ዘፋኝ ዜማ ስለያዘ ድራሙ ቢያይልም ይሰማል፤ ገጣሚ ግን የያዘው ቃሉን ብቻ ነው። የአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ትርጉም በሚለውጥበት በአማርኛ ደግሞ ሲምባል ቃሉ ላይ ካረፈ አድማጩ ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ድራመሩ ዱላውን ትቶ በብሩሽ እንዲመታ፣ ሲምባሉንም ስንኝ ካለቀ በኋላ ብቻ እንዲነካ ተስማማን።

ብዙ ያደከመን የምጣኔው፣ ማለትም ስንኙን ከሙዚቃው ምት ጋር የማስማማቱ ጉዳይ ነው። የወል ቤት የሚባለው የተለመደው የአማርኛ ግጥም ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ስለሚከፈል ችክችካ ከሚባለው የጭፈራ ስልት ስድስት ምት ጋር ልክ የሚገጥም ይመስላል፤ ስንሞክረውም ገጠመ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቀለም በምት ላይ ሲወድቅ ንባቡ የቃል ጥናት መሰለ፣ ስሜቱም ጠፋ። የተሻለው መንገድ ቤዙ አንድ አጭር ዜማ እየደጋገመ እንዲጓዝ፣ ገጣሚዋም በላዩ እንዳሻት እየዘገየችና እየፈጠነች እንድታነብ፣ ሁለቱም ስንኙ ቤት በሚመታበት ቦታ ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ሆኖ ተገኘ። ቤዝ ተጫዋቹ ወረቀቱን ሳይሆን ትከሻዋን ነበር የሚያየው፤ ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ ከፍ ሲል ጣቱን ከክሩ ላይ ያነሣል፣ ቃሉ ሲወጣ ይመለሳል።

ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች የመረጥነው ግጥሙን ደጋግመን ካነበብን በኋላ ነው። የናፍቆቱን ግጥም በትዝታ ቅኝት፣ ጥያቄ የሚበዛበትን በአንቺሆዬ ቅኝት አደረግነው፤ አንቺሆዬ እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉት ያላለቀ ነገር ያለ ያህል ጆሮን ይይዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ኪቦርዱ ነው፤ የጃዝ ኮርድ ከአምስቱ ድምፆች ውጪ ያሉትን ሲያበዛ ቅኝቱ ይደበዝዛል። ሳክስፎኑ ከአምስቱ ሳይወጣ፣ ኪቦርዱም የውጪዎቹን ድምፆች በአጭሩ ነክቶ ሲመለስ ግን ቅኝቱም ጃዙም ይሰማሉ።

ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል ያለበት ስንኝ ሲመጣ ሙዚቃው ራሱ መቆም አለበት፤ አድማጭ ወርቁን፣ የተሰወረውን ትርጉም ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋልና። በዕድሜ የሚበልጡን ሳክስፎን ተጫዋች በልምምድ ላይ የምትጣደፈውን ገጣሚ «ልጄ፣ አትቸኩዪ፤ አንቺ ሳትጨርሺ እኔ አልገባም» ያሏት ለሁላችንም መመሪያ ሆነን።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማይክሮፎን ብቻውን አያድንም። ኮርኒስ ያለው አዳራሽ መፈለግ ይሻላል።

ከዝግጅቱ ሁሉ አድማጩን በእጅጉ የያዘው ግን በአፋን ኦሮሞ የቀረበው ግጥም ነበር። ገጣሚው ረጃጅሞቹን አናባቢዎች ሲስባቸው ሳክስፎኑ ከሥር ገብቶ አብሮት ለመቆየት የሚያስችለው ቦታ አገኘ፤ በአማርኛው ግጥም ይህን ያገኘነው በስንኝ መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር። በመሆኑም ለሚቀጥለው ምሽት ልምምዱን በኦሮምኛ ግጥሞች ለመጀመርና ሁለት ገጣሚያንን ለመጨመር ወስነናል።